ቱርቦ የተገጠመላት መኪና ስትታፈን፦ ቡስተር ከመግዛታችሁ በፊት ሽቦውን ለኩ

ምልክቱ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። መኪናዋ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ ሲዞር፣ ሰላም ናት። እዚህ ጅማ ከተማ ውስጥ ከመርካቶ ፈረንጅ አራዳ ቀኑን ሙሉ ብትመላለስ ምንም አይታይባትም። የአጋሮን መንገድ ይዛችሁ፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻ ስትረግጡት ግን ቱርቦው ሲነፋ ትታፈናለች። ትንገጫገጫለች። እግራችሁን ስታነሱ ምንም እንዳልተፈጠረ ትሄዳለች።

ካንዴላ፣ ኮይል፣ የነዳጅ ፊልትሮ እና የቱርቦ ቱቦዎችን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ካላያችሁ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ።

አንድ ነገር ግን አሁኑኑ። ይሄ ምልክት ባለበት መኪና "እስቲ አንዴ ልሞክራት" እያላችሁ አትርገጡ። ቱርቦ ሙሉ አየር እየገፋ ቤንዚን ሲያንስ ሞተሩ ውስጥ ያለው ሙቀት ይወጣል፣ ማንኳኳት ይጀምራል፣ ከዚያ ፒስተን ይበሳል። የፒስተን ዋጋ ከሽቦ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ሰው ወዲያው የሚለው "የቤንዚን ፓምፑ አልቻላትም፣ የቮልቴጅ ቡስተር ይግባላት" ነው። ቡስተር መጥፎ ዕቃ አይደለም። የመኪናውን 13.5 ቮልት ተቀብሎ ወደ 16 ወይም 17 ያሳድገዋል። ፓምፑም በፍጥነት ይዞራል፣ ብዙ ቤንዚን ይገፋል። ችግሩ እዚህ ጅማ ለእኔ ከሚመጡት መኪኖች አብዛኞቹ ቡስተር የሚያስፈልጋቸው አለመሆናቸው ነው። ባትሪው ላይ ያለው ቮልት ፓምፑ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። እሱን ሳያስተካክሉ ቡስተር መግጠም የሚያፈስ ቧንቧ ላይ ትልቅ ሞተር እንደማሰር ነው።

ሚኒሞ ላይ ለምን አይታይም? የነዳጅ ግፊት ሲስተሙ 3 ባር ላይ ነው እንበል። የነዳጁን ግፊት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር የቱርቦውን ግፊት ይከተላል። ቱርቦው 1 ባር ሲነፋ ነዳጁ 4 ባር መሆን አለበት። ፓምፑ ያን ሲገፋ ይከብደዋል፣ ብዙ አምፔር ይስባል። ብዙ አምፔር በቀጭን ሽቦ ሲያልፍ ደግሞ ብዙ ቮልት ይጠፋል። ስለዚህ ቤንዚኑ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ፓምፑ የሚያገኘው ቮልት በጣም ያነሰ ይሆናል። ጋራዥ ውስጥ ቆማ ምንም የማታሳየው ለዚህ ነው።

አሁን ልኬት። "ባትሪው ላይ 14.2 አለ" አትበሉኝ። ባትሪው ላይ ያለው ፓምፑን አይመለከተውም። ቴስተሩ መግባት ያለበት የፓምፑ ስፒና ላይ ነው፣ ስፒናው ሳይነቀል፣ ፓምፑ እየሠራ። ሁለት ረጅም ሽቦ ከስፒናው ጀርባ አስገቡና ወደ ጋቢና አምጡት። አንድ ሰው ይነዳል፣ ሌላው ቁጥሩን ያነባል። ዝቅተኛውን ቁጥር የሚይዝ ቴስተር ካላችሁ በጣም ይቀላል። ቱርቦው ገና መንፋት ሲጀምር ቁጥሩ መውረዱ ይታያል፤ እስከ መጨረሻ መርገጥ አያስፈልግም። ይሄን ስትሠሩ ታንኩ ክፍት እንዳይሆን፣ አጠገቡ ሲጋራ እንዳይኖር። መንገዱም ባጃጅና ከብት የሌለበት ይሁን።

አንዳንድ ቶዮታዎች፣ በተለይ ከፋብሪካ ቱርቦ ሆነው የመጡት፣ የፓምፕ መቆጣጠሪያ አላቸው። ሚኒሞ ላይ ሆን ብሎ ወደ 9 ቮልት ይቀንሰዋል። እሱን አይታችሁ አትደንግጡ። ስትረግጡ የሚወጣውን ቁጥር ነው የምንፈልገው።

ከዚያ ኪሳራውን ለሁለት ክፈሉት። ፓምፑ እንደ ቅድሙ ከባድ ግፊት ላይ እየሠራ አንዱን የቴስተር ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ፓምፑ ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ። የሚወጣው ቁጥር በፖዘቲቩ መስመር የጠፋው ነው። ማሳውንም፣ ማለትም የኔጋቲቩን መስመር፣ እንደዚያው፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ፓምፑ ኔጋቲቭ። የሁለቱ ድምር ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ሥራ አለ።

ብዙ ሰው ማሳውን አይለካም። ይሄ ነው የሚያናድደኝ። አንድ ኮሮላ መጣች፣ ቱርቦ የተጨመረላት። ባለቤቱ በሦስት ጋራዥ ዞሯል። "ወንድሜ፣ ፓምፕ ሁለቴ ቀይሬያለሁ፣ አሁን ቡስተር ግዛ እያሉኝ ነው" አለኝ። ፖዘቲቩን ለካሁት፣ ደህና ነው። ማሳው ላይ 1.4 ቮልት ጠፍቷል! ከኋላ፣ ከምንጣፉ ሥር፣ የፓምፑ ማሳ በአንዲት ትንሽ ብሎን ቀለም ላይ ታስሯል። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ውሃው በኋላ መብራቱ ጎማ በኩል ገብቶ እዚያ ተኝቷል። ብሎኑን ስፈታው ቴርሚናሉ አረንጓዴ ሆኗል፣ ከሥሩ ቀይ ጭቃ ደርቆበታል። ግማሹ ሽቦ በእጄ ሲነካ ተበጠሰ። ላሜራውን እስኪያብረቀርቅ ፈገፈግኩ፣ አዲስ ወፍራም ማሳ ሳብኩ፣ ላዩን ቅባት ቀባሁት። መኪናዋ በዚያው ይዛው በመጣችው ፓምፕ 4 ባሯን ይዛ ሄደች። አውጥቶ የጣላቸው ሁለቱ ፓምፖች ምንም እንዳልነበራቸው ሲገባው የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም።

ፖዘቲቩ ላይ ደግሞ ችግሩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ሽቦ ነው። ያ ሽቦ የተሰላው ለትንሽ ፓምፕ ነው። በሰዓት 255 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ከባድ ግፊት ላይ 12 አምፔር ቢስብ፣ አምስት ሜትር ርዝመት ያለው የ1.25 ሚሊ ካሬ ሽቦ ብቻውን 0.8 ቮልት ይበላል። በ4 ሚሊ ካሬ ቀይሩት፣ ኪሳራው ወደ 0.26 ይወርዳል። ያረጀ የቁልፍ ማብሪያና ሁለት ሦስት ስፒና ሲጨመርበት የቀረውን አስቡት።

መፍትሄው አዲስ መስመር ነው። ከባትሪው 4 ሚሊ ካሬ ንጹሕ የመዳብ ሽቦ ሳቡ። ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ፣ 25 አምፔር። ፊውዙን ከኋላ የሚያስቀምጡ አሉ። ሽቦው መሐል መንገድ ላይ ላሜራ ቢበጣው የሚያቆመው ነገር የለም፣ መኪና ይቃጠላል። ሪሌው፣ ማለትም በትንሽ ትእዛዝ ትልቁን መስመር የሚያበራው ማብሪያ፣ ከኋላ፣ ፓምፑ አጠገብ ይሁን። እግሮቹ ላይ ቁጥር አለ። 30 ቁጥር ላይ የባትሪው መስመር፣ 87 ላይ ፓምፑ፣ 85 ላይ ማሳ። 86 ላይ ደግሞ አሮጌው የፓምፕ ፖዘቲቭ ይግባ። ከላይ ያልኩት የፓምፕ መቆጣጠሪያ ካለ ግን ያ 9 ቮልት ሪሌውን በትክክል ላይዘው ይችላል፤ ትእዛዙን ከመቆጣጠሪያው በፊት ውሰዱት።

86ን ከቁልፉ በቀጥታ እንዳትሰጡት። በፋብሪካው አሠራር ሞተሩ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ፓምፑን ያቆመዋል። መኪናዋ ብትገለበጥና ቱቦ ቢበጠስ፣ ቁልፍ በርቶ እስካለ ድረስ የእናንተ ፓምፕ ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል። ይሄን "አቋራጭ" የሚሠሩትን ሳይ ደሜ ይፈላል።

ስለ ሽቦው ደግሞ። ገበያ ላይ ላዩ መዳብ፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ ሞልቷል። ኪሳራው ከመዳብ ከአንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል፣ ሲታጠፍም ይሰበራል። አንዷን ክር በምላጭ ፋቁ። ነጭ ከወጣ ለሻጩ መልሱለት። የፕላስቲኩ ውፍረትም አያታላችሁ። "4 ሚሊ ነው" ተብሎ የተሸጠ ሽቦ ልጬ ከውስጡ ለጣሪያ መብራት እንኳ የሚያሳፍር ክር አግኝቻለሁ። ሪሌም እንደዚያው ነው፤ 40 አምፔር ተጽፎበት አሥር ደቂቃ ሠርቶ እጅ የሚያቃጥል አለ። ከነዳችሁ በኋላ በእጃችሁ ንኩት። ለብ ማለት ይችላል፣ መፋጀት ግን የለበትም።

የታንኩ ክዳን ላይ ያለውን ስፒና አትርሱ። ፕላስቲኩ ቡኒ ሆኖ ከቀለጠ ውጪ ያለው አዲስ ሽቦ ዋጋ የለውም። ከታንኩ ውስጥ ያለው ሽቦም ቤንዚን የሚችል መሆን አለበት። እዚያ ውስጥ ናስትሮ የሚጠቀልሉ ሰዎች አሉ። ሙጫው ቤንዚን ውስጥ ይሟሟና የፓምፑን ወንፊት ይደፍናል፣ ከዚያ "ፓምፑ ፎርጂድ ነው" ይባላል።

ሌሎቹ አልፎ አልፎ የሚገጥሙ ናቸው። ታንኩ ውስጥ ያለችው አጭር የጎማ ቱቦ ተሰንጥቃ ግፊቱ መልሶ ታንክ ውስጥ ይፈሳል። ዲናሞው ደክሞ መብራት፣ ፋንና ሙዚቃ ሲከፈት መላው መኪና ወደ 12 ቮልት ይወርዳል። በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን ወንፊቱን በቆሻሻ ይዘጋዋል።

ይሄ ሁሉ ተሠርቶ፣ መኪናዋ እየተረገጠች ፓምፑ 13.5 ቮልት እያገኘ፣ ግፊቱ አሁንም ከወረደ ያኔ ቡስተር ያስፈልጋል። ቡስተሩ ጉልበት ከሰማይ አያመጣም። ፓምፑ በ17 ቮልት 14 አምፔር ቢበላ፣ ቡስተሩ ከባትሪው ወደ 20 አምፔር ይስባል። ስለዚህ መጋቢው ሽቦ 6 ሚሊ ካሬ፣ ፊውዙ 30 ይሁን። ከቱርቦውና ከጭስ ማውጫው አርቁት፣ አየር የሚያገኝበት ቦታ እሰሩት። ሁልጊዜ በርቶ እንዳይውል በግፊት የሚሠራ ማብሪያ ይኑረው፣ ቱርቦው 0.3 ባር አካባቢ ሲደርስ የሚበራ። ያለማቋረጥ 17 ቮልት የሚያገኝ ፓምፕ ቶሎ ያረጃል፣ ቤንዚኑንም ያሞቀዋል፣ ሚኒሞ ላይም ሬጉሌተሩ ትርፉን መመለስ ሊያቅተው ይችላል። የራሱ ኮንትሮለር ያለው ብረሽ አልባ ፓምፕ ላይ ግን ፋብሪካው ካልፈቀደ ጭራሽ እንዳትሞክሩት።

ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው ራሱ ቤንዚኑ ነው። የጊቤን በረሃ በሩብ ታንክ አትውረዱ። ዳገቱ ላይ ኩርባ ሲመጣ ቤንዚኑ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ምልክቱም መጀመሪያ ከነገርኳችሁ ጋር አንድ ነው።

መጨረሻ ላይ የኮምፒውተሩን ካርታ፣ ማለትም ስንት ቤንዚን እንደሚረጭ የሚወስነውን ሰንጠረዥ፣ የሠራላችሁ ሰው ጋ ተመለሱ። ቮልቱ ወርዶ ሳለ እጥረቱን ለመሸፈን ቤንዚን የሚረጨውን ኢንጀክተር ከፍቶት ከሆነ፣ አሁን ግፊቱ ሲስተካከል ቤንዚን ይበዛባታል። ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ ካያችሁ አዲሱን ሽቦ አትውቀሱ። ካርታው ይስተካከል።