የድሮ ኮርሳ ፍሬም ሲጎዳ፦ በያጅ ጋ ከመሄድዎ በፊት

ሀዋሳ ሜዳ ከተማ ናት፤ ለድሮ ኮርሳ (የውድድር) ሳይክል ትመቻለች። ፍሬም የሚጎዳው ድንገት በሚታጠፍ ባጃጅ፣ በውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶንና በክረምቱ እርጥበት ነው። ጉዳት ሲደርስ ብዙ ሰው በርና መስኮት ወደሚሠራ በያጅ ይሮጣል። እባክዎ አይቸኩሉ። የጥሩ ኮርሳ ቱቦ ጫፉ ላይ 0.8 ወይም 0.9 ሚሊ ሜትር፣ መሐሉ ላይ ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊ ብቻ ውፍረት አለው። የበር ኤሌክትሮድ ይበሳዋል። ባይበሳውም፣ የድሮ ፍሬም መጋጠሚያዎች የተያያዙት በናስ ወይም በብር ስለሆነ ኤሌክትሪኩ ናሱን አቅልጦ ወደ ብረቱ ውስጥ ያሰርገዋል፤ ብረቱ ይደርቅና ይዋል ይደር እንጂ ከብየዳው ጎን ይሰነጠቃል።

መጀመሪያ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ያስጠጉ። ካልሳበ ፍሬሙ ብረት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ ከዚህ በታች ስለ ማቃናት የተጻፈውን አይሞክሩበት።

ፊት ለፊት የተጋጨ ሳይክል ከሆነ ከመሪው ቱቦ ጀርባ ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያለውን ቦታ አጥበው ያድርቁ። ከዚያ ጣትዎን በላይኛውም በሰያፉም ቱቦ ሥር ቀስ አድርገው ይሳቡ። ዓይን ያለፈውን ጣት ይይዘዋል። ትንሽ ጉብታ ወይም የተሸበሸበ ቀለም ከዳሰሱ ቱቦው ታጥፏል። ይህን በመዶሻም በጃክም መልሰው አይመኑት፤ የሚድነው ቱቦው ሲቀየር ነው፣ ያም የፍሬም ሠሪ ሥራ ነው። ወደ ኋላ የተገፋ ሹካም (የፊት ጎማውን የሚይዘው) መቀየር አለበት። ሌላ ሹካ ሲፈልጉ የመሪ ዘንጉን (ከሹካው ወጥቶ በመሪው ቱቦ ውስጥ የሚያልፈውን) ርዝመት ለክተው ይሂዱ። የአብዛኛው ኮርሳ ዘንግ ውጪው 25.4፣ ውስጡ 22.2 ሚሊ ነው፤ የድሮ የፈረንሳይ ሳይክሎች ግን ይለያሉ፣ የብሎን ጥርሳቸውም አይገጥምም።

ስንጥቅ ይሁን የቀለም ጭረት ካልለየልዎ ነጭ ጋዝና ጠመኔ ይበቃዎታል። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ያንሱ፣ ቦታውን በነጭ ጋዝ አርጥበው 20 ደቂቃ ይተዉት፣ በደረቅ ጨርቅ በደንብ ይጥረጉ፣ ከዚያ የጠመኔ ዱቄት ይቀቡበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ጋዝ ወደ ጠመኔው ይወጣና እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ይታያል። በተለይ የሴላውን (የመቀመጫውን) ብሎን የሚይዘውን ጆሮ፣ የፔዳሉን ፔርኖ ቤት ዙሪያና የኋላ ጎማ የሚታሰርበትን ጆሮ ይፈትሹ።

የሴላው ጆሮና የኋላ ጎማው ጆሮ ወፍራም ስለሆኑ በጋዝ እሳትና በናስ ዘንግ ይበየዳሉ። ለበያጁ ናስ እንጂ ኤሌክትሮድ እንዳይነካው አስረግጠው ይንገሩት። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ 5 ሴንቲ ሜትር ቀለም ይነሳ፣ የሴላው ዘንግ ይውጣ፣ ሲበየድ ርቀቱ እንዳይዛባ የኋላው ፔርኖ በዳዶ ታስሮ ይቆይ። ሲጨርስ በራሱ ይብረድ፤ ውኃ አይፈስበትም። መሐል ቱቦው ከተሰነጠቀ ግን ፍሬሙ አብቅቷል፤ ዕቃውን ለሌላ ያስቀምጡት።

ከጎን የተመታ ፍሬም ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ከኋላ ነው፣ ይህ ደግሞ እቤት ይቃናል። የኋላውን ጎማ ያስገቡና ወደየት እንደሚያጋድል ይዩ፤ ግራና ቀኙን ገልብጠው መልሰው ያስገቡ። ሁለቴም ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ጥፋቱ የፍሬሙ ነው፤ ጎኑን ከቀየረ የጎማው ነው። ከዚያ ክር ከኋላ ጎማው ግራ ጆሮ ያስሩ፣ በመሪው ቱቦ ዙሪያ አሳልፈው ወደ ቀኙ ጆሮ ወጥረው ያስሩ፣ ከክሩ እስከ ሴላው ቱቦ ያለውን ክፍተት በሁለቱም ጎን በካሊፐር ይለኩ። ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ካለፈ መቃናት ይፈልጋል።

ከማቃናትዎ በፊት በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ያለውን ርቀት ይጻፉ። ባለ 5 ማርሽ 120፣ ባለ 6 እና 7 ማርሽ 126፣ ከዚያ በላይ 130 ሚሊ ነው። ፍሬሙን በጎኑ አስተኝተው 1 ሜትር ተኩል የሚያህል ወፍራም ጣውላ በኋላው ሦስት ማዕዘን ያስገቡ፣ በሴላው ቱቦ ላይ በጨርቅ ያስደግፉት፣ የተጎዳውን ጎን ብቻ ቀስ ብለው ይጫኑ። ብረቱ ሲለቁት ስለሚመለስ በየጊዜው ጥቂት ጨምረው ይግፉ፣ በእያንዳንዱ ግፊት ይለኩ። የሚበላሸው በአንድ ኃይለኛ ግፊት ነው፤ መጋጠሚያው ይለቃል። በመጨረሻ በእያንዳንዱ ጆሮ ላይ 10 ሚሊ ብሎን ወደ ውስጥ አቅንተው በዳዶ ያስሩ። የብሎኖቹ ጫፎች ፊት ለፊት ካልተያዩ ጆሮዎቹ ትይዩ አይደሉም፤ እንዲህ ከተተወ ፔርኖው ይሰበራል።

የማርሹ ማንጠልጠያ ከታጠፈ ባለ 10 ሚሊ፣ 1 ሚሊ ጥርስ ፔርኖ ያለው ሌላ የኋላ ጎማ በቀዳዳው ይሰኩና ሁለቱ ቸርኬዎች ትይዩ እስኪሆኑ በእጅ ያቅኑ። የተራ ሳይክል ፔርኖ 9.5 ሚሊ ስለሆነ ጥርሱን ያበላሻል።

ዝገትን በወስፌ ይፈትሹ፣ በተለይ ከፔዳሉ ፔርኖ ቤት ሥር። ወስፌው ከገባ ፍሬሙ ተበልቷል። ካልገባ በሽቦ ብሩሽ አጽድተው አንቲረስት ይቀቡ፤ ውስጡን በተልባ ዘይት አርጥበው ፍሬሙን እያገላበጡ ለሳምንት ያድርቁት። ዘይቱን የጠረጉበትን ጨርቅ ጨብጠው አይጣሉ፤ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ዘርግተው ውጭ ያድርቁት።