መድኃኒት የተላመደ ሻጋታን ከኮሎኒው እስከ ጂኑ መመርመር

ይህ መመሪያ በጅማና በአካባቢዋ ላብራቶሪ ውስጥ ለሚሠሩ ተማሪዎችና ባለሙያዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ አዞል ለተባሉት የፀረ ፈንገስ መድኃኒቶች አልበገር ያለ አስፐርጂለስ ፉሚጋተስ የተባለ ሻጋታ ሲያጋጥም የመላመዱ ዘረመላዊ ምክንያት እንዴት እንደሚፈለግ ያሳያል። አዞሎች የሚያጠቁት ሻጋታው የሴል ሽፋኑን የሚገነባበትን ኤርጎስቴሮል ለማዘጋጀት የሚያስፈልገውን ኢንዛይም ነው፤ ኢንዛይሙ የሚሠራው ደግሞ ሲዋይፒ51ኤ በተባለው ጂን ትእዛዝ ነው። ሻጋታው በአብዛኛው የሚያመልጠው የኢንዛይሙን ቅርጽ በመለወጥ፣ ምርቱን በማብዛት ወይም ሁለቱንም በማጣመር ነው።

ናሙናው የሕመምተኛ አክታ ወይም የቡና ገለባ ክምር ሊሆን ይችላል፤ እየበሰበሰ የሚግል ክምር ሙቀት ለሚችለው ለዚህ ሻጋታ ይመቻልና። ሕመምተኛው ከዚህ በፊት የወሰደው አዞል፣ ወይም በማሳው ላይ የተረጨው ፀረ ፈንገስ (ለምሳሌ ቴቡኮናዞል) ናሙናው በሚወሰድበት ዕለት ይመዝገብ፤ ኋላ ውጤቱን ለመተርጎም የሚረዳው ይህ መረጃ ነው።

የሻጋታው ብናኝ በቀላሉ ስለሚተን ሻጋታው የሚያድግበት ዲሽ የሚከፈተው በባዮሴፍቲ ካቢኔት (ብናኙ ወደ ሠራተኛው እንዳይደርስ በሚከላከል የሥራ ሳጥን) ውስጥ ብቻ ነው። ማንነቱን ለማረጋገጥ በ48 ዲግሪ ሴልሺየስ ማሳደግ ይረዳል፤ መልኩ የሚመሳሰለው አስፐርጂለስ ሌንቱለስ በዚህ ሙቀት አያድግም። በአንድ ሕመምተኛ ውስጥ የተላመደውና ያልተላመደው አብረው ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ እስከ አምስት የሚደርሱ ኮሎኒዎችን (በዲሹ ላይ ተነጥለው ያደጉ የሻጋታ ክምችቶችን) ለየብቻ መመርመር ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ኢትራኮናዞል በሊትር 4 ሚሊግራም፣ ቮሪኮናዞል 2 ሚሊግራም፣ ፖሳኮናዞል 0.5 ሚሊግራም በያዙ አጋሮች (ሻጋታ በሚያድግባቸው የረጉ ምግቦች)ና መድኃኒት በሌለው ማነጻጸሪያ ላይ ተዘርቶ በ35 ዲግሪ ለ48 ሰዓት ይቆያል። መድኃኒት ባለበት አጋር ላይ ያደገ ሁሉ፣ እድገቱን የሚገታው ዝቅተኛ የመድኃኒት መጠን ተለክቶ ይረጋገጣል። በኢትራኮናዞል ብቻ መመርመር ግን አይበቃም፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ቲአር46 የተባለው የዘረመል ለውጥ በዋናነት የሚታወቀው ቮሪኮናዞልን በብርቱ በመቋቋሙ ነው።

የሻጋታው ግድግዳ ጠንካራ በመሆኑ ዲኤንኤው የሚወጣው በመስታወት ቅንጣቶች ተፈጭቶ ነው። ከዚያም ጂኑ ከፕሮሞተሩ ጋር፣ ማለትም የምርቱን መጠን ከሚወስነውና ከጂኑ ፊት ካለው ክፍል ጋር፣ በፒሲአር (ዲኤንኤን በሚያባዛ ዘዴ) ተባዝቶ የፊደላቱ ቅደም ተከተል በሁለቱም አቅጣጫ ይነበባል። ወጪ ለመቀነስ ሲባል ፕሮሞተሩን የሚተዉ አሉ፤ ይህ ግን የምርመራውን ግማሽ መጣል ነው። በስፋት የሚታወቀው ቲአር34/ኤል98ኤች የተባለው ለውጥ በፕሮሞተሩ ውስጥ 34 የዲኤንኤ ፊደላት ተደግመው ሲገኙና በጂኑ ውስጥ 98ኛው አሚኖ አሲድ ከሉሲን ወደ ሂስቲዲን ሲለወጥ የሚፈጠር ነው፤ ሙሉው መላመድ የሚመጣውም ሁለቱ ሲጣመሩ ነው። ቲአር46 ደግሞ የ46 ፊደላት ድግግሞሽ ሲሆን በ121ኛውና በ289ኛው አሚኖ አሲድ ላይ ከሚታዩ ለውጦች ጋር ይመጣል። አሚኖ አሲዶቹን ከመቁጠር በፊት በጂኑ መጀመሪያ አካባቢ ያለውን ኢንትሮን (ወደ አሚኖ አሲድ የማይተረጎመውን ክፍል) ከንባቡ ማውጣት ግድ ነው፤ አለዚያ ቁጥሩ ሁሉ ይዛባል።

በትርጓሜው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ድግግሞሽ ያለባቸው ዓይነቶች በአብዛኛው ከእርሻ ፀረ ፈንገስ ጋር ይያያዛሉ፤ አዞል ወስዶ በማያውቅ ሰው ላይ የሚገኙትም በዚህ ምክንያት ነው። ድግግሞሽ ሳይኖር በ54ኛው ወይም በ220ኛው ቦታ ላይ ብቻ የሚታይ ለውጥ ግን ብዙውን ጊዜ ከረጅም ሕክምና ጋር የተያያዘ ነው። በ46ኛው፣ በ172ኛውና በ427ኛው ቦታ የሚታዩ ለውጦች መድኃኒት በሚገድላቸው ሻጋታዎችም ላይ ስለሚገኙ፣ እነርሱን ብቻ አይቶ «ተላምዷል» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው።

ሲዋይፒ51ኤ ምንም ለውጥ ሳይገኝበት ሻጋታው በመድኃኒቱ ላይ ካደገ፣ ኤችኤምጂ1 እና ሃፕኢ በተባሉት ጂኖች ላይ ለውጥ መኖሩ፣ እንዲሁም መድኃኒቱን ከሴሉ የሚያስወጣው የሲዲአር1ቢ ፓምፕ ምርት መጨመሩ ይፈተሻል። ይህ ፍተሻ እስኪጠናቀቅ ድረስ ለሐኪሙ የሚላከው ውጤት በተለካው የመድኃኒት መጠን ላይ ተመሥርቶ «የተላመደ» የሚል ይሆናል።