ፀሐይ ከወጣበት ሜዳ የሚጀምር ፍርሃት፦ አስፈሪ የአድናቂ ጌም ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አረንጓዴ ሜዳ፣ ጥርት ያለ ሰማይ፣ ጆሮ ላይ ቶሎ የሚቀር ሙዚቃ። ወደ ቀኝ ትሮጣላችሁ፣ ትዘላላችሁ፣ የሚሰበሰበውን ትሰበስባላችሁ። ሁሉም ነገር እንደምታውቁት ነው። ከዚያ አንድ ነገር ይጎድላል። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አይገባችሁም።

አድናቂዎች በሚወዱት ጌም ገጸ ባሕርያት ከሚሠሯቸው አስፈሪ ጌሞች አብልጬ የምወዳቸው እንዲህ የሚጀምሩትን ነው። ከሁሉም ዝነኛው «ሶኒክ ዶት ኢኤክስኢ» ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2011 ኢንተርኔት ላይ የወጣ አጭር አስፈሪ ታሪክ ሲሆን፣ በ2012 ሌላ አድናቂ ጌም አደረገው። የመግቢያው ስክሪን ልክ ሴጋ የተባለው ኩባንያ በ1991 ያወጣውን «ሶኒክ» ጌም ይመስላል። ከዚያ ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ይለወጣል። ከእሱ ወዲህ ተከታዮቹ፣ ተቀጥላዎቹ፣ በማሪዮና በሌሎች ገጸ ባሕርያት የተሠሩት ቅጂዎች እንደ አሸን ፈልተዋል።

እኔና የአክስቴ ልጅም ማታ ማታ የራሳችንን ትንሽ ጌም እየሠራን ነው። ከታች ካሉት ስህተቶች ግማሾቹን እኛው ሠርተናቸዋል። ሌሎቹን የሰው ጌም ስጫወት ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ።

የደስታውን ክፍል ለይስሙላ መሥራት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ብዙ ጌም የሚሞተውም እዚሁ ላይ ነው። ሠሪው ወደ ደሙና ወደ ጭራቁ ለመድረስ ይቸኩላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌቭል በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። መሬቱ ዝርግ፣ ጠላቱ ሁለት፣ ሙዚቃው ከሌላ ጌም የተወሰደ። ተጫዋቹ ነቄ ነው። «ይሄ ሽፋን ነው፣ አሁን አንድ ነገር ይመጣል» ብሎ ይጠብቃል። ደስ ያላለው ሰው ደግሞ ምን ይነጠቃል?

የ1985ቱን የሱፐር ማሪዮ የመጀመሪያ ሌቭል አስታውሱ። ፕሌይስቴሽን ከመምጣቱ በፊት ቲቪ ላይ በሚሰካው ጌም ያደገ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ማሪዮ በግራ በኩል ቆሟል፣ ቀኙ ባዶ ነው። ስለዚህ ወደ ቀኝ ትሄዳላችሁ። ወዲያው ጉምባ የሚባለው ያ ቡናማ ጠላት ቀስ እያለ ይመጣል። ወይ ትዘላላችሁ ወይ ትሞታላችሁ። ማንም ምንም ሳያስረዳችሁ እጃችሁ ሕጉን ተማረ። የእኛም ሥራ ከዚህ ይጀምራል። ፍርሃቱ በኋላ የሚመጣው እጅ የተማረው ሕግ ሲፈርስ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እጁን በደንብ ማስተማር አለብን።

ዝላዩ ላይ ጊዜ አጥፉ። ብዙ ጥሩ ጌሞች ተጫዋቹ የገደሉን ጫፍ ካለፈ በኋላ እንኳ ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ ያህል እንዲዘል ይፈቅዱለታል። ሠሪዎቹ «ካዮቲ ታይም» ይሉታል። ተጫዋቹ አያስተውለውም፣ ግን ጌሙ የሚያስብለት ይመስለዋል። እኛ ይህን ስንጨምር የአክስቴ ልጅ ሌቭሉን ሰባት ጊዜ ያህል ደጋገመው። ጭራቅ ገና አልነበረውም። ዝም ብሎ መዝለሉ ጣፍጦት ነው። ያን ማታ ጌማችን ጌም ሆነ።

መለኪያዬ አንድ ነው። አስፈሪውን ክፍል ሙሉ በሙሉ አውጡት። የቀረውን ሰው ወዶ ይጫወተዋል? ካልተጫወተው ወደ ጭራቁ አትለፉ።

ፊት ማስጮህ

ድንገት ስክሪኑን ሞልቶ የሚጮኸውን ፊት ማለቴ ነው። ጃምፕስኬር። መጥፎ ነው አልልም። ግን አንዴ ነው የሚሠራው። ሁለተኛው ላይ ሰው ድምፁን ይቀንሳል፣ ሦስተኛው ላይ ይስቃል።

የመጀመሪያው ሥራችን አርባኛው ሰከንድ ላይ እንዲህ ያለ ፊት ነበረው። አንድ የሰፈር ልጅ፣ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ እንዲሞክርልን ጠራነው። ፊቱ ሲመጣ ትከሻውን ሰበቅ አደረገና «ይሄንን ዩቲዩብ ላይ አይቼዋለሁ» አለ። አውጥተን ጣልነው። በምትኩ ከሦስተኛው ደቂቃ ጀምሮ የሳንቲሙ ድምፅ በግማሽ ሰከንድ እንዲዘገይ አደረግን። ሳንቲሙን ትነካላችሁ፣ ዝም፣ ከዚያ «ቲን»። ከሳምንት በኋላ ያው ልጅ ተቀመጠ። አራተኛው ሳንቲም ላይ እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «ማነው የሚሰበስበው?» ብሎ ጠየቀን። እኛ እንዲህ ያለ ታሪክ አልጻፍንም ነበር። እሱ ራሱ ፈጠረው።

የጭንቀት ትምህርት ከፈለጋችሁ ራሱ የ1991ዱ ሶኒክ ውስጥ አለላችሁ። ላቢሪንዝ ዞን የሚባለው ክፍል ላይ ሶኒክ ውሃ ውስጥ 30 ሰከንድ ያህል ነው የሚቆየው። አየሩ ሊያልቅ ሲል ሙዚቃው ይቀየራል፣ እየፈጠነ ይሄዳል፣ ከጭንቅላቱ በላይ ከ5 ጀምሮ ወደ ታች ቁጥር ይቆጥራል። ደም የለም፣ ጭራቅ የለም። ግን በዚያ ሙዚቃ ያደገ ሰው ዛሬም ሲሰማው ደረቱ ይጨንቀዋል። ምክንያቱም የሚያድነው የአየር አረፋ የት እንዳለ ያውቃል፣ ይደርስ እንደሆነ ግን አያውቅም።

ሁሉንም በአንዴ ማጥቆር

ሰማዩ ቀይ፣ ዛፉ ደረቅ፣ ሙዚቃው የተገለበጠ፣ ጠላቱ ዓይን አልባ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ። እንዲህ ሲሆን ተጫዋቹ «እሺ፣ አሁን አስፈሪው ክፍል ገባ» ይልና ይረጋጋል። የት እንዳለ አውቋላ።

በ2008 የወጣው «ኤቨርዥን» የአድናቂ ጌም ባይሆንም ከእሱ የሚሻል አስተማሪ አላውቅም። ትንሿ አበባ መሰል ገጸ ባሕርይ በሚያምር መስክ ላይ ትጀምራለች፣ ልዕልት ለማዳን። ከዚያ ያው ዓለም ንብርብር እንዳለው ይገባችኋል። ከአንዱ ወደ ሌላው ስታልፉ ቀለሙ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ሙዚቃው ትንሽ ይከብዳል። ዋናው ነገር ግን ሕጉም አብሮ መለወጡ ነው። ከኋላ ስዕል ብቻ የነበረው ደመና የሚቆሙበት መሬት ይሆናል። መንገድ የዘጋው ተክል ይደርቃል። ለማለፍ ስትሉ ዓለሙን እናንተው በገዛ እጃችሁ ታጠቁሩታላችሁ። ይህ ሐሳብ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ስለዚህ አንድ በአንድ ሂዱ። መጀመሪያ ወፎቹ ዝም ይበሉ። ቀጥሎ ጠላቶቹ መራመድ ትተው እናንተን ማየት ይጀምሩ። ጥላው ከሰውየው ትንሽ ይዘግይ። በየለውጡ መካከል ለተጫዋቹ «ተሳስቼ ይሆን?» የሚልበት ጊዜ ስጡት።

ደም ማብዛት

ብዙ አልልም። በፒክሴል ስዕል ላይ የተደፋ እውነተኛ የሚመስል ደም ከሌላ ፋይል የተለጠፈ መሆኑ ያስታውቃል። አንዲት ጠብታ በትክክለኛው ቦታ ትበቃለች።

ድምፁን መጨረሻ ላይ መጨመር

ድምፅ ከስዕሉ እኩል ይጀመር። ለዚህ የምወደው ምሳሌ የ1993ቱ «ሶኒክ ሲዲ» ነው። የጌሙ የድምፅ መሞከሪያ ገጽ ላይ 46፣ 12 እና 25 የሚሉትን ቁጥሮች ስታስገቡ የተደበቀ ስክሪን ይከፈታል። የሰው ፊት የሚመስል ፊት ያለው ሶኒክ ተደጋግሞ ተደርድሯል፣ በላዩ የጃፓንኛ ጽሑፍ አለ። በአሜሪካው እትም ከጀርባው የሚሰማው የቦስ (የትልቁ ጠላት) ሙዚቃ ስለሆነ፣ ስንት ልጅ በድንጋጤ ማሽኑን እንዳጠፋ መገመት አያቅትም። ጽሑፉ ግን የሚለው «ከሴጋ ጋር ደስታ ማለቂያ የለውም» ነው፤ ከሥሩ «ማጂን» የሚል ፊርማ አለ። ማጂን በጃፓንኛ ጋኔን ማለትም ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን ከሠሪዎቹ የአንዱ ቅጽል ስም ነው። በጃፓኑ እትም ያው ስዕል ከሌላ ሙዚቃ ጋር ስለሚመጣ ያን ያህል አያስፈራም። ስዕሉ አንድ፣ ጽሑፉ አንድ። ልዩነቱን ያመጣው ሙዚቃው ነው።

የደስታውን ዜማ በደንብ አስለምዱ፣ ከዚያ ከውስጡ አንድ መሣሪያ ብቻ አውጡ። ከበሮው ይጥፋ። ጆሮ የለመደውን ሲያጣ ራሱ መፈለግ ይጀምራል። ዝምታንም አትፍሩ።

የተጫዋቹን እጅ ማሰር

የመጀመሪያው «ሶኒክ ዶት ኢኤክስኢ» ላይ ምንም ብታደርጉ ማምለጥ የለም። በጊዜው ለአጭር ጌም ሠርቷል። ከእሱ የተማሩት ግን ይህን ለሁለት ሰዓት ጌም አደረጉት። ትሮጣላችሁ፣ ትሞታላችሁ፣ ሞቱ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ሰው ተስፋ ከሌለው አይፈራም፣ ይሰለቻል። ማምለጫ ይኑር፣ ጠባብ ቢሆንም። ከሞተ በኋላም ከቅርብ አስነሱት። የአንድ ደቂቃ ትዕይንት ለአምስተኛ ጊዜ የሚያይ ሰው የሚሰማው ፍርሃት ሳይሆን ንዴት ነው።

የሚያብለጨልጭ ስክሪንና ሳያስጠነቅቁ መልቀቅ

ይህን ከልቤ ነው የምለምናችሁ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 16 ቀን 1997 በጃፓን አንድ የፖኬሞን ክፍል ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በፍጥነት እያፈራረቀ አሳየ። 685 ገደማ ልጆች ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። ብልጭታ የሚያስነሳው የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በሽታው እንዳለበት ላያውቅ ይችላል። በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ የሚበራና የሚጠፋ ነገር አትሥሩ። የግድ ከሆነም ማጥፊያ ቁልፍ ይኑረው።

ሌላው ልጆች ናቸው። ሶኒክን ወይም ማሪዮን ያየ የስድስት ዓመት ልጅ የእሱ ጌም ይመስለዋል። የማታለያችን ጥበብ እሱንም ያታልለዋል። ኤቨርዥን ገና ከመግቢያው ለልጆችና ለድንጉጦች እንደማይሆን ይናገራል፤ ፍርሃቱ ግን ምንም አልቀነሰም። እናንተም ንገሩ። ታናናሾች ያሏችሁ ደግሞ ላፕቶፑን ከፍታችሁ አትሂዱ።

የሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባት

ዴስክቶፕ ላይ ፋይል መጣል፣ የተጫዋቹን እውነተኛ ስም አንብቦ ስክሪን ላይ መጻፍ፣ ኮምፒውተሩ የተበላሸ ማስመሰል። ሐሳቡ ያጓጓል። ግን ሰው ከማያውቀው ሰው ፋይል አውርዶ የከፈተው አምኖ ነው። በ2017 የወጣው «ዶኪ ዶኪ ሊተሬቸር ክለብ» የፋይል ጨዋታውን የሚጫወተው በራሱ ፎልደር ውስጥ ነው፣ እንዲያም ሆኖ ያስደነግጣል። ከፎልደራችሁ አትውጡ። ተጫዋቾችም ብትሆኑ እንዲህ ያሉ ጌሞችን ሠሪው ራሱ ካስቀመጠበት ቦታ ብቻ አውርዱ።

የገጸ ባሕርዩን ባለቤት መርሳት

ኩባንያዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። የማሪዮ ባለቤት ኒንቴንዶ ጥብቅ ነው። በ2021 መጀመሪያ ላይ ጌም ጆልት ከተባለው ድረ ገጽ 379 የአድናቂ ጌሞች በኒንቴንዶ ጥያቄ ተነሥተዋል። የሶኒክ ባለቤት ሴጋ በአንጻሩ ለአድናቂዎች ልቡ ሰፊ ነው፤ የ2017ቱን «ሶኒክ ማኒያ» ያሠራውም ከአድናቂ ጌም የተነሡ ልጆችን ቀጥሮ ነው። «ፋይቭ ናይትስ አት ፍሬዲስ» የተባለው አስፈሪ ጌም ፈጣሪ ስኮት ካውቶን ደግሞ በ2020 የተመረጡ የአድናቂ ጌሞችን በገንዘብ እንደሚደግፍ አስታውቋል። ያም ሆኖ በሌላ ሰው ገጸ ባሕርይ አትሽጡ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነም በግልጽ ጻፉ። የሁለት ዓመት ሥራ በአንድ ደብዳቤ ሲጠፋ በጣም ያሳዝናል።

በተከታዩ ክፍል ሁሉን ማብራራት

አንደኛው ክፍል ተወደደ። ሁለተኛው ላይ ጭራቁ ከየት መጣ፣ እናቱ ማን ናት፣ ስንት ወንድም አለው ይባላል። ሦስተኛው ላይ ጦርነት ይጀመራል። ጭራቁ በዚህ መሃል ጎረቤታችን ሆነ፤ ማን ይፈራዋል? ተከታታይ መሥራት ካማራችሁ አዲስ ሕግ ጨምሩ። የአንደኛውን ክፍል የሚያውቅ ተጫዋች የት እንደሚደነግጥ ያውቃል። እዚያ ቦታ ላይ ምንም አታድርጉ። ከሌላ ቦታ ኑ።

ያንኑ ቀይ ዓይን መቅዳት

ጥቁር ዓይን፣ ቀይ ብሌን፣ ደም የሚያነባ፣ «እኔ አምላክ ነኝ» የሚል። በ2012 አዲስ ነበር። አሁን የማንም ሆኗል። ከ«ሶኒክ ዶት ኢኤክስኢ» ክፍሎች አንዱ «ድብብቆሽ» ይባላል። ያን ስም ሳይ እኔ ትዝ ያለኝ ሌላ ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ እያንዳንዳችሁ ጋ አለ።

አንደኛው ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» ይላል። የተደበቁት «አልነጋም!» ይላሉ። እኛ ሌቭላችን ውስጥ አስገባነው። አዝራሩን ስትጫኑ ገጸ ባሕርዩ «ኩኩሉ» ይላል፣ የተደበቁት ልጆች ካሉበት አቅጣጫ በሳቅ «አልነጋም» ይላሉ። በድምፁ እየተመራችሁ ታገኟቸዋላችሁ። አምስት ልጆች ናቸው። ጨዋታው ደስ ይላል፣ ሰማዩም እስከ መጨረሻው ብሩህ ነው። አምስቱንም አግኝታችሁ ከኋላችሁ ተሰልፈው ወደ መውጫው ስትሄዱ አዝራሩ አሁንም ይሠራል። ብዙ ሰው ለጨዋታ ያህል ይጫነዋል። «ኩኩሉ።» ለሦስት ሰከንድ ምንም የለም። ከዚያ ከፊት ለፊት፣ ከመውጫው በኩል፣ በቀስታ «ነግቷል» ይላል።