ከ21 ስም ሲጎድል፦ የተመለሰ የሰፈር ፎረም ማመልከቻ

በእንግሊዝ የፓሪሽ ምክር ቤት (ዝቅተኛው የአካባቢ ምክር ቤት) በሌለበት ሰፈር የመሬት አጠቃቀምና የግንባታ ፕላን ማዘጋጀት የሚችለው ዕውቅና ያገኘ የሰፈር ፎረም፣ ማለትም እዚያ የሚኖሩና የሚሠሩ ሰዎች ስብስብ ነው። የአንድ ሰፈር የዕውቅና ማመልከቻ የተመለሰው በአባላት ቁጥር ማነስ ነበር። ሕጉ ቢያንስ 21 ሰው ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ በወሰኑ ውስጥ የሚኖር፣ የሚሠራ ወይም የአካባቢው ተመራጭ የምክር ቤት አባል መሆን አለበት። ዝርዝሩ ላይ 23 ስም ነበር። አድራሻዎቹ አንድ በአንድ ከካርታው ጋር ሲመሳከሩ ግን አራቱ ከወሰን ውጭ ወጡ፤ መስመሩ የሚያልፈው በአስፋልቱ መሀል ነውና ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት አይቆጠርም።

የተረሱት እዚያው የሚሠሩት ነበሩ። ፀጉር አስተካካዩ፣ የፋርማሲዋ ሠራተኛ፣ መምህሩ፤ ሌላ ቦታ ቢኖሩም ይቆጠራሉ። ስድስት ሰባት ትርፍ ስም ያዙ፤ ሰው ቤት ይቀይራል። በየስሙ ትይዩ «ነዋሪ» ወይም «ሠራተኛ» ብላችሁ ጻፉ፤ መተዳደሪያ ደንቡንና ካርታውን አያይዙ። ዕውቅናው ለ5 ዓመት ብቻ ስለሆነ ቀኑን መዝግቡት።

ገንዘቡስ? ለፕላን ዝግጅት ይሰጥ የነበረው የማዕከላዊ መንግሥት ድጎማ በ2025 ተቋርጧል፤ ያሳዝናል። ሆኖም የአካባቢው አስተዳደር ከአዳዲስ ግንባታ የመሠረተ ልማት ክፍያ የሚሰበስብ ከሆነ፣ ፕላኑ በሕዝበ ውሳኔ ለጸደቀ ሰፈር የሚደርሰው ድርሻ ከ15 ወደ 25 በመቶ ያድጋል። ፓሪሽ በሌለበት ገንዘቡን የሚይዘው አስተዳደሩ ስለሆነ፣ የምትፈልጉትን ሥራ በጽሑፍ ቀድማችሁ አቅርቡ።