ፊልሙን ነው የምታሙት ወይስ ቴሌቪዥናችሁን?

ማታ ማታ ቴሌቪዥኑን ወደ በረንዳ እናወጣለን። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው ሰፈራችን፤ ቤት ውስጥ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ፍራሽ ይነጠፋል፣ ቬንቲሌተሩ ይከፈታል፣ ሆጃ የሚጠጣው ይጠጣል፣ የሚቅመው ይቅማል፣ ጎረቤትም ልጆቹን አስከትሎ ከች ይላል። ፊልሙ ሲያልቅ ዋናው ፊልም ይጀምራል፤ ክርክሩ። «አቦ ምን ዓይነት ቆሻሻ ነው ያሳየኸን?» ይላል አንዱ። ሌላው በሕይወቴ እንዲህ ያለ አላየሁም ብሎ ይምላል። ከዚህ በታች የማነሳቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹን ደጋግሜ።

ትልቁ ስህተታችን ያየነውን ቅጂ ከፊልሙ ጋር ማምታታት ነው። አንድ ጊዜ በፍላሽ የመጣልኝን ፊልም አይቼ ለጓደኞቼ ረጅም መልእክት ጻፍኩ። ምስሉ ደብዛዛ ነው፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል፣ ዳይሬክተሩ ሥራውን አያውቅም አልኩ። በማግስቱ አንዱ ጓደኛዬ እስኪ 40ኛው ደቂቃ ላይ መልሰህ እየው አለኝ። የሰው ጭንቅላት ከስክሪኑ ሥር ተነስቶ አለፈ። ሲኒማ ቤት ውስጥ በስልክ የተቀዳ ነበር! ሰውየው ሽንት ቤት እየሄደ መሰለኝ። እኔ ደግሞ ዳይሬክተሩን እየሰደብኩ ነበር።

ጨለማም እንደዚሁ ነው። በፈረንጆቹ 2019 የጌም ኦፍ ትሮንስ 8ኛ ሲዝን 3ኛ ክፍል ሲወጣ ብዙ ተመልካች ምንም አይታይም ብሎ ጮኸ። ቀረጻውን የመራው ፋቢያን ዋግነር ግን ጨለማው ሆን ተብሎ የተሠራ መሆኑን፣ ብዙ ሰው ደግሞ ቴሌቪዥኑን በትክክል ማስተካከል እንደማያውቅ ተናገረ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ፋይሉ መጠኑ እንዲያንስ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚበላሸው ጨለማው ነው፤ ጥቁሩ አራት ማዕዘን እየሆነ ይቆራረጣል። እኛም በረንዳ ላይ አምፖል አብርተን እያየን «ጨለማ ነው» እንላለን።

አዲስ ቴሌቪዥን የገዛችሁ ደግሞ ይህን ስሙኝ። ፊልም ባብዛኛው የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ምስል ነው። አዳዲሶቹ ቴሌቪዥኖች በመሀል የራሳቸውን ምስል ፈጥረው ይጨምራሉ፤ ለኳስ ቆንጆ ነው፣ ፊልሙን ግን ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ ርካሽ ድራማ ያስመስለዋል። ሴቲንግ ገብታችሁ ሞሽን የሚል ነገር ካገኛችሁ አጥፉት፣ ወይም ሲኒማ የሚለውን ምረጡ። ድምፁም የራሱ ጣጣ አለው። ብዙ ፊልም የሚቀናበረው ስፒከሮች ዙሪያውን ለተተከሉበት ክፍል ነው፤ ንግግሩ ባብዛኛው የሚመጣው ከመሀለኛው ነው። የእኛ ቴሌቪዥን ያሉት ከጀርባው ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ናቸው። ቬንቲሌተሩ ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት። ስለዚህ ተዋናዩ ያጉረመርማል ከማለታችሁ በፊት የጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ ሞክሩት።

ሁለተኛው ስህተት ትርጉሙን አይቶ በደራሲው ላይ መፍረድ ነው። ትርጉም ፊልም ላይ ተራኪው የራሱን ቀልድ ጣል እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ እንዲያውም ከፊልሙ ይልቅ ተራኪውን የወደድኩበት ጊዜ አለ። ችግሩ «ስክሪፕቱ ያስቃል» ስንል ነው፤ ያሳቀህ አዲስ አበባ ያለ ሰው እኮ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ከመጣ ወዲህ የቱርክ ድራማ በአማርኛ የማይታይበት ቤት ጥቂት ነው። «ክፍሉ በማይሆን ቦታ ቆረጠብኝ፣ አጨራረስ አያውቁም» የሚል ቅሬታ በየሰፈሩ አለ። እዚያው አገራቸው ግን አንድ ክፍል ብዙ ጊዜ ከሁለት ሰዓት በላይ ይሄዳል። ለውጭ ሲሸጥ ወደ 45 ደቂቃ ገደማ እየሆነ ይቆራረጣል። እናንተ መጨረሻ ያላችሁት መሀል ነው። ያ ሁሉ በሙዚቃ የታጀበ መተያየትስ? በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት መሙላት ቀላል አይደለም።

የድሬ ነገር ደግሞ ይለያል። በእኛ በረንዳ አንድ ክፍል በሦስት ቋንቋ ነው የሚታየው። ቴሌቪዥኑ በአማርኛ ያወራል፣ ልጆቹ በኦሮምኛ ይሟገታሉ፣ ጎረቤታችን ደግሞ ለእናቱ በሶማሊኛ እያስረዳ ነው። እሱ ባለታሪኳን አይወዳትም፣ ስለዚህ ሲያስረዳ ጥፋቷን ትንሽ ያበዛዋል። ሲዝኑ አልቆ ስንጫወት ነው የገባን። እናቱ ሙሉ ሲዝን ያዩት ሌላ ድራማ ነበር።

በ10 ደቂቃ የሚተረከውን አጭር ቪዲዮ አይቶ «ፊልሙን አይቼዋለሁ» ማለትም አለ። አላያችሁትም። የሰማችሁት ወሬውን ነው።

አሁን ደግሞ ወደሚያጣላን ልምጣ። «ፋያ ዳዪ» የጄሲካ በሽር ፊልም ነው፤ በፈረንጆቹ 2021 ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታይቷል። ሐረርና አካባቢዋ ናት፣ ጫት ነው፣ ወጣቶቹ ናቸው፣ ሙሉው ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ይሄዳል። መጀመሪያ ያየሁት በስልክ ነው፤ ቀን ላይ፣ በሙቀት፣ በመሀል ስልክ እያነሳሁ። «ያስተኛል፣ ታሪክ የለውም» አልኩ። ከወራት በኋላ ማታ መብራት አጥፍቼ፣ ስፒከር ገጥሜ ደግሜ አየሁት። ያ ዝግታው ስንፍና አልነበረም። የምርቃና ፍጥነት ነው፤ ጭሱና ዝምታው ያንን ነው የሚከተሉት። እኔ ስጠይቀው የነበረው ግን ገዳይና ተገዳይ፣ መነሻና መድረሻ ነበር። ፊልሙ ደግሞ ይህን እሰጣችኋለሁ አላለም። የሽሮ ቤት ገብቶ ክትፎ የለም ብሎ እንደመቆጣት ነው።

የሐረር ጓደኞቼ ተቃራኒውን ስህተት ነው የሠሩት። «ሐረር እንዲህ ጨለማ ናት እንዴ? የጀጎል ግድግዳ ቀለም የት ሄደ?» አሉ። የገዛ አገርህን ፊልም ላይ ስታይ ፊልሙን ሳይሆን የጎደለውን ሰፈር ነው የምትቆጥረው፤ እኔም ድሬ የተቀረጸ ነገር ሳይ ከዚራን ወይ ደቻቱን ፍለጋ ዓይኔ ይባክናል። እንዲህም ሆኖ እስካሁን የማልቀበለው ነገር አለ፤ ሰዎቹን ማን ማን እንደሆነ ለመለየት በጣም ተቸግሬያለሁ። ይህን የምለው ግን ሁለቴ አይቼ ነው።

«ለሀበሻ ፊልም ጥሩ ነው» የሚለው ደግሞ ያናድደኛል። ሙገሳ ይመስላል፣ ስድብ ነው። ጥሩ ከሆነ ጥሩ ነው በሉ፣ ካልሆነ የቱ ጋ እንደተበላሸ ተናገሩ፤ ድምፁ ነው? ሁሉም ነገር ሳሎን ቤት ሶፋ ላይ መሆኑ ነው? ይህ ቢነገረው የሚጠቀም ሠሪ አለ።

ክፉ ገጸ ባሕርይ የተጫወተችውን ተዋናይት መራገም ይቅር፤ ስላንገበገበቻችሁ ሥራዋን ሠርታለች። መጨረሻውን ቀድሞ የሚናገር ሰው ደግሞ በረንዳችን ላይ ሆጃ አይሰጠውም።

ሌላው ያላለቀ ፊልም ላይ መፍረድ ነው። ባለፈው አንድ የወንጀል ፊልም እያየን 20 ደቂቃ ሲቀረው መብራት ሄደ። ሻማ አብርተን እስከ ስድስት ሰዓት ተከራከርን። ገዳዩ ባልየው እንደሆነ ሁላችንም ተስማማን፣ እኔ ደግሞ ይህን ያህል በቀላሉ የሚታወቅ ፊልም ደካማ ነው ብዬ ደመደምኩ። በማግስቱ መብራት መጣና የቀረውን አየነው። ባልየው ገዳይ አይደለም። ጭራሽ ባሏም አይደለም።