ከደሴ ወደ ሰመራ ለምትወርዱ

ጠዋት ደሴ ላይ ስለበረዳችሁ ሻንጣችሁን በወፍራም ልብስ አትሙሉ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሰመራ ግን 430 አካባቢ፤ በኮምቦልቻና ባቲ አድርጋችሁ ሚሌ ስትደርሱ በአንድ ቀን ከደጋ በረሃ ገባችሁ ማለት ነው። ምርጫ ካላችሁ ከኅዳር እስከ ጥር ሂዱ። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ሌሊቱም ፋታ የለውም። ሰፋ ያለ ባለ ረጅም እጅጌ የጥጥ ሸሚዝ፣ ነጠላ ወይም ሽርጥ፣ ክፍት ጫማ ይበቃል። ጂንሱን ተዉት በቃ። ውሃ ኮምቦልቻ ላይ ግዙና ሳይጠማችሁም ጠጡ፤ ላብ ጨውም ይዞ ስለሚወጣ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ያዙ፣ በተለይ ልጅ ወይም አዛውንት አብሯችሁ ካለ። አንድ ጃኬት ግን አትርሱ፣ ማታ ደሴ ስትመለሱ ትፈልጉታላችሁ።