የደረት ራጅ ለቲቢ፦ ከመነሳት እስከ ክትትል

ሳሉ ሁለት ሳምንት አለፈው። ማታ ላብ ያጠምቃል፣ ክብደትም ቀንሷል። እንዲህ ሲሆን ሐኪም ዘንድ ከሄዱ ራጅ ሊታዘዝ ይችላል። ከወዲሁ ይወቁት፦ ራጅ ይጠረጥራል እንጂ አይፈርድም።

ስለዚህ ራጅ ተነሳሁ ብለው አክታ መስጠቱን አይተዉት። ቲቢ መሆኑን የሚያረጋግጠው ባክቴሪያው ሲገኝ ነው። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ምርመራ ደግሞ ተህዋሲው ሪፋምፒሲን የተባለውን የቲቢ መድኃኒት መላመድ አለመላመዱን ጭምር ያሳያል። የራጅ ፊልም ይህን አይናገርም።

ወደ ራጅ ክፍል ሲገቡ ሐብልና ብረት ያለው ልብስ ያውልቁ፣ ረጅም ፀጉር ወደ ላይ ይታሰር። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ከጠረጠሩ ቀድመው ይናገሩ። ደረትዎን ሰሌዳው ላይ አስጠግተው፣ ትከሻዎን ወደ ፊት አድርገው ይቁሙ። «አየር ሳብ፣ ያዝ» ሲባሉ አየሩን በደንብ ስበው ይያዙ። ቀላል ይመስላል፤ ግን አየር በቅጡ ያልገባበት ሳንባ ፊልሙ ላይ ተጨናንቆ ይታይና የሌለ በሽታ ያስመስላል። ጨረሩ ያሰጋዎታል? አንድ የደረት ራጅ ከተፈጥሮ በ10 ቀን ገደማ ከምናገኘው ጨረር ጋር ይቀራረባል።

ራጁን የሚያነበው ባለሙያ በአዋቂ ሰው ላይ ቀድሞ የሚያየው የሳንባውን የላይኛውን ክፍል ነው። እዚያ ነጣ ያለ ጥላ ወይም ክፍተት ካለ ቲቢ ይጠረጠራል። የሳንባ ምች፣ ካንሰር፣ የድሮ ጠባሳም ተመሳሳይ ምስል ሊሰጡ ይችላሉ። በተቃራኒው ኤችአይቪ አቅሙን ባዳከመው ሰው ላይ ቲቢ እያለ ፊልሙ ንጹህ ሊሆን ይችላል። ከ2021 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ራጁን ኮምፒውተር እንዲያነበው ይፈቅዳል፤ እሱም ቢሆን የሚለየው ተጠርጣሪውን ነው።

ሲቲ ስካን ለሁሉም አያስፈልግም። ራጁ ግራ ሲያጋባ ይታዘዛል፤ ጨረሩም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ውሃ በሳንባ ዙሪያ ከተጠራቀመ አልትራሳውንድ ይበቃል፣ መርፌ የሚገባበትንም ቦታ ያሳያል።

መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ 6 ወር ነው፣ ለውጡ በዋናነት የሚለካው በአክታ ነው። በየወሩ ራጅ ልነሳ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ከዳኑም በኋላ ጠባሳው ሊቀር ይችላል፤ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። በሕክምናው መጨረሻ ፊልም ከተነሱ ግን አይጣሉት። ከዓመታት በኋላ እንደገና ቢያስልዎት ሐኪሙ አዲሱን ከአሮጌው ጋር አስተያይቶ ጥላው የቆየ ይሁን አዲስ ይለያል።